ከአስፋልቱ በፊት ቦዩ፦ የድሬዳዋ የመንገድ ገንዘብ ምን ላይ ይዋል?

የከተማ መንገድ ሲሠራ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ከአስፋልቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተከላል። ይህች ከፍታ ሁለት ሥራ አላት። ውሃውን ወደ ቦዩ አፍ ትመራለች፣ ጎማውንም ከእግረኛው ትከለክላለች። ዓመታት አልፈው አስፋልቱ ሲሰነጣጠቅ፣ አሮጌው ሳይላጥ 5 ሴንቲ ሜትር አዲስ አስፋልት ይደረብበታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ 5። ከሁለተኛው ድራቢ በኋላ ጠርዙ የቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባጃጅ ሳትንገጫገጭ ትወጣበታለች፣ የክረምት ጎርፍ ይሻገረዋል፣ የቦዩ አፍም ከአዲሱ አስፋልት በታች ተቀብሮ ይቀራል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ መንገዱም ታድሷል፤ እግረኛው ግን ከቀድሞው የባሰ ቦታ ላይ ቆሟል።

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ትራንስፖርት በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተነጠፈ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከቀፊራ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ የምትመለሰውን እናት፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ የሚመላለሰውን ሠራተኛ አይነካም። ስለዚህ የመንገድ ብር መጀመሪያ በሦስት ነገር ላይ መዋል አለበት ብለን እናምናለን፤ ውሃው በሚወርድበት ቦይ፣ ሰው በሚሄድበትና በሚሻገርበት ቦታ፣ የተሠራውን በሚያቆየው መደበኛ ጥገና። አዲስ አስፋልት ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ በመንገድ የሚጠቀም ለመንገዱ ጥገና ይክፈል። ክፍያው በዋናነት ከነዳጅ ላይ በሊትር ይቆረጣል። ፈንዱ ለረጅም ዓመታት የሠራበት ድልድል ከመቶው 70 ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 ለክልል መንገዶች፣ 10 ለከተሞች የሚሰጥ ነው። የከተሞቹ 10 በመቶ ለብዙ ከተሞች ይከፋፈላል። ለአንድ ከተማ የሚደርሰው ቦይ ለመጥረግ፣ ጉድጓድ ለመድፈን፣ ዜብራ ለመቀባት እንጂ አዲስ መንገድ ለመክፈት አይሆንም፤ ሊሆንም አይገባም፣ የተቋቋመው ለጥገና ነውና።

የቀረው ከራሷ ከከተማዋ ካዝናና ከፌዴራል ድጎማ ነው። ድሬዳዋ በቻርተሯ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች፣ የራሷ ምክር ቤት ያላት አስተዳደር ናት። በጀቷን የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። በዚህ ላይ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱ የከተሞች ልማት ፕሮግራሞች አሉ፤ በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ፕሮግራሞቹ አንድ ጥሩ ልማድ አምጥተዋል፤ ከተሞች የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረት ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ጠይቀዋል። በዚህ ዝርዝር ቦዩና የእግረኛ መንገዱ በአስፋልቱ ሥር ተጠቅልለው ሳይሆን ራሳቸውን ችለው፣ በሜትር ተለክተው መግባት አለባቸው። ያልተመዘገበን ቦይ በበጀት ቀን የሚያስታውሰው የለም።

የነዳጁ ክፍያ ሁለት ድክመት አለው። በሊትር የሚቆረጥ ቋሚ ክፍያ በመሆኑ በየጊዜው ካልተከለሰ የሬንጅና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር አብሮ አይነሣም፤ ያው ብር የሚገዛው ጥገና በየዓመቱ ያንሳል። ሁለተኛው ድክመት አዲስ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ፊታችን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል፤ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ደግሞ ማደያ አይቆምም። ጭሱ ይቀንሳል፣ ምንዛሪው ይድናል፤ ለመንገዱ ጥገና ግን በነዳጅ በኩል የሚከፍለው የለም። መፍትሔው ኤሌክትሪኩን መቅጣት አይደለም። ዓመታዊ ቦሎ ሲታደስ በክብደት የተመጠነ የመንገድ ክፍያ መሰብሰብ ይቻላል፤ ከባጃጅ እጅግ ጥቂት፣ ከከባድ መኪና ብዙ።

በክብደት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ አንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበት ዘንግ፣ መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ ልክ ሳይሆን በግምት በአራተኛ ደረጃ ያድጋል። 10 ቶን መሸከም የሚገባው አክስል 13 ቶን ቢጭን ትርፉ 30 በመቶ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን 1.3 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ወደ 2.9 እጥፍ ይጠጋል። ሰው ሞልታ የምትሄድ ባጃጅ በዚህ ስሌት መንገዱን አትነካውም ማለት ይቻላል። ከተማዋ ደግሞ ከባድ መኪና የሚበዛባት ናት። ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና፣ 220 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የድሬዳዋ–ደወሌ የክፍያ መንገድ፣ ሁሉም ጭነት ይስባሉ። የጭነት መኪና በሰፈር አቋርጦ የሚያልፍበት መንገድ ተለይቶ፣ ሰዓቱም ተወስኖ መታወቅ አለበት። በመግቢያዎቹ ላይ የክብደት ሚዛን የሌለበት ከተማ የሌሎችን ትርፍ ጭነት በራሱ በጀት ይጠግናል።

ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ የሚጎዳው ገንዘቡ የሚደርስበት ወቅት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የድሬዳዋ ዝናብ በሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዋናው ከሐምሌ እስከ መስከረም። አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ጎርፉ ቀድሞታል። ጨረታ ወጥቶ፣ ሰነድ ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ወራት ያልፋሉ። በዚህ አካሄድ የተገዛ የቦይ ጠረጋ የሚፈጸመው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሚቀጥለው በልግ ቦዩ ተመልሶ ሞልቶ ይገኛል። ስለዚህ የቦይ ጠረጋ ከዓመታዊ ጨረታ ወጥቶ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውል ቢያዝ ይሻላል። አንዱ ጠረጋ የካቲት ሳያልቅ፣ ሌላው ሰኔ ሳይጋመስ ይጠናቀቅ። ጉድጓድ መድፈን ደግሞ መሬቱ በሚደርቅበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሁን።

በድሬዳዋ ስለ ውሃ ማውራት ስለ ሰው ሕይወት ማውራት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን አፈናቀለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ መኪና ይነዳበታል። ውሃው የሚመጣው ከተራራው በኩል ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ከዘነበ አሸዋው በድንገት ወንዝ ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትንሽ አውቶሞቢል ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከአውቶሞቢል ስለምትቀል የሚያሰጋት ከዚያ ያነሰ ውሃ ነው።

ከዚራንና መጋላን በወንዙ አልጋ ላይ የሚያገናኝ መተላለፊያ ሁሉ እንግዲህ አራት ነገር ያስፈልገዋል። የውሃውን ከፍታ ከሩቅ የሚያሳይ በቀይና በነጭ የተቀባ ምሰሶ፣ በቁልፍ የሚዘጋ ዘንግ ወይም ሰንሰለት፣ ደጋው ላይ ዝናቡን አይቶ የሚደውል ሰው፣ ስልኩን ተቀብሎ የሚዘጋ ኃላፊነቱ በስም የተሰጠው ተረኛ። የመጨረሻው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ምሰሶና ዘንግ በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ የተረኛው አበል ግን በየዓመቱ መደበኛ በጀት ውስጥ ካልገባ ዘንጉ ክፍት እንደ ሆነ ጎርፉ ይደርሳል።

ውሃ ሰውን ባይወስድም መንገዱን ይገድላል። ጭነቱን የሚሸከመው ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንጣፍ ነው። ጠጠሩ ደረቅ ሳለ ጽኑ ነው፤ ውሃ ከጠጣ ይላላል። በስንጥቅ የገባው ውሃ ጎማ በረገጠው ቁጥር ተጨምቆ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል፣ አስፋልቱ ባዶ ላይ ይቀራል፣ ይሰበራል። ይህ እንዳይሆን የመንገዱ መሐል ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ዳር በ2.5 በመቶ መዝመም አለበት፤ 7 ሜትር በሚሰፋ መንገድ መሐሉ ከዳሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ከድራቢ በኋላ ይህ በክርና በሜትር ይለካ፤ በዓይን አይታወቅም።

የድሬዳዋን ቦይ የሚሞላው በተለይ ሁለት ነገር ነው፤ ከተራራው የሚወርድ አሸዋና ፕላስቲክ። ለአሸዋው፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበትና ውሃው ቀስ በሚልበት ቦታ ከቦዩ ወለል ግማሽ ሜትር ያህል የጠለቀ የደለል ሣጥን ይሠራል። አሸዋው እዚያ ይረጋል፣ በአካፋ ይወጣል፤ ያለዚያ በሰፈሩ ሁሉ ቦይ ውስጥ ተበትኖ ይጋገራል። የቦዩ ክዳን ሁለት ሰው በእጁ የሚያነሣው ይሁን። በሲሚንቶ የታሸገ ክዳን ቦዩን ከመጠረግ ይከለክላል፤ የተሰበረውና ያልተተካው ደግሞ በጨለማ እግር ይሰብራል። ከቦይ የወጣ ደለል ዳር ላይ ተከምሮ ካደረ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ውሉ ላይ ጠረጋውና ማንሣቱ አንድ ሥራ ተደርጎ ይጻፍ፤ ደለሉ በዚያው ቀን በመኪና ካልተነሣ ክፍያ አይኑር። በየሰፈሩ የተደራጁ ወጣቶች በኪሎ ሜትርና በወር የሚከፈል ውል ቢይዙ፣ ሰፈሩን የሚያውቁትም የሚኖሩበትም እነሱ ናቸውና ሥራው ይሰምራል።

ስለ ጉድጓድ አደፋፈን በአጭሩ እናንሣ፤ ብዙ ብር በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። አስፋልቱን አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎ በመኪና ጎማ መዳመጥ ለአንድ ክረምትም አይቆይም። የተሰነጠቀው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ጠርዙ በአራት ማዕዘን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። እርጥቡ ጠጠር ወጥቶ በደረቅ ይተካል፣ ይደመደማል። አቧራው ይጠረጋል፣ ወለሉና የጎኑ ግድግዳ ቀጭን ሬንጅ ይቀባል፤ ይህ ከተዘለለ አዲሱ ከአሮጌው አይጣበቅም፣ ውሃም በዙሪያው ይገባል። ከዚያ አስፋልቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተሞላ እያንዳንዱ ይደመደማል። ሲያልቅ ከነባሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎማ ያስተካክለዋል፤ ዝቅ ካለ ውሃ ይቋጥራል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መንገዶች ኤጀንሲ እንዳሰላው ጥገናው ሦስት ዓመት የዘገየ መንገድ 6 እጥፍ፣ አምስት ዓመት የዘገየ 18 እጥፍ ያስወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በብር ሲመነዘር ይኸው ነው። ኮብልስቶንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ የጠርዝ ድንጋይ ከሌለው ሥሩ ያለው አሸዋ ይታጠብና ድንጋዩ አንድ በአንድ ይፈለቀቃል።

አሁን ወደ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሚሞተውን ከ100,000 ሰው 26.7 ብሎ ገምቷል። ከሁሉ በፊት የሚወስነው ፍጥነት ነው፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ ፍሬኑ ጥሩ፣ አስፋልቱ ደረቅ ይሁን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ13 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው 36 ሜትር ይፈልጋል። ከቆመ ባጃጅ ኋላ አንድ ሕፃን 15 ሜትር ላይ ብቅ ቢል የመጀመሪያው ሳይነካው ይቆማል። በ50 የመጣው ግን ፍሬን መርገጥ የሚጀምረው ሕፃኑ ዘንድ ሊደርስ አንድ ሜትር ሲቀረው ነው፤ ሲመታው ፍጥነቱ ገና 48 ነው። በትምህርት ቤት፣ በገበያና በሆስፒታል ዙሪያ 30 ይበቃል የምንለው ለዚህ ነው።

ምልክት መትከል ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም፤ ብሬከር ያስፈልጋል፣ ግን በልክ። ትክክለኛው ብሬከር በጉዞው አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ጉብታ ነው። በ30 የመጣ ሰው ምቾት ሳይጎድለው ያልፍበታል፣ በ50 የመጣው ይቀጣል። የሰፈር ሰው በራሱ ወጪ የሚሠራው ግማሽ ሜትር የማይሞላ ቀጥ ያለ ጉብታ ግን የባጃጅን የፊት ሹካ ያጣምማል፣ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የምትወሰድን ወላድ ያንገላታል። ነዋሪው ልጁን ለማዳን ብሎ ያደረገው ነውና አፍርሶ ዝም ማለት አይገባም፤ በልኩ መተካት ነው። ጉብታው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይድረስ፤ ለውሃ ማለፊያ ከሚሆን ጠባብ ክፍተት በላይ ከተተወ ባጃጁ በዳር አድርጎ ወደ እግረኛው ይጠጋል። ቀለሙ በየዓመቱ ይታደስ። እግረኛ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ዜብራውን ራሱን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ላዩን 4 ሜትር ሜዳ አድርጎ መሥራት ይበልጣል። አረጋውያንና በዊልቸር የሚሄዱ ብዙም ሳይወርዱ ይሻገራሉ፤ መኪናውም ሳይወድ ይቀዘቅዛል።

ባጃጅን በተመለከተ ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ታሪፍና ስለ ታፔላ ነው። የሚቆምበት ቦታ ግን እንደ እሱ አንገብጋቢ ነው። መቆሚያው ከዜብራው በፊት ከሆነ የተደረደረው ባጃጅ የሚሻገረውን ሰው ይሸፍነዋል። ዜብራውን ካለፈ በኋላ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ይሁን። ስድስት ባጃጅ ለማቆም 20 ሜትር ያህል ይበቃል፤ መሬቱ ላይ በቀለም ተሰምሮ፣ ተራ አስከባሪው በዚያ ልክ ይሠራ። ባጃጅ ሦስት እግር በመሆኗ በፍጥነት ስትታጠፍ የመገልበጥ ጠባይ አላት፤ ሾፌሩ ጎን ትርፍ ሰው ሲቀመጥ መሪው ይጠብባል፣ ክብደቱም ያጋድላል። ከከተማ ወጣ ብሎ ለተሠራው ለአዲሱ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገናኝ ቋሚ አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ለኮንትራት መተው በሌሊት ለሚደርስ ቤተሰብ ከባድ ነው።

ጥላም የትራንስፖርት ጉዳይ ነው። የቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ ጥላ የሌለው የእግረኛ መንገድ በቀትር ሰው አይሄድበትም። የከዚራን ጥርጊያዎች ደስ የሚያሰኛቸው ዛፋቸው ነው፤ ይህን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች የእግረኛው መንገድ 3 ሜትር ከሆነ 1.2 ሜትሩ ለዛፍ፣ 1.8 ሜትሩ ያለ እንቅፋት ለመራመጃ ይሁን። የኒም ዛፍ ሙቀቱንና ድርቁን ይችላል። ችግሩ ተከላው ላይ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የበጋ ወቅቶች የሚያጠጣው ሰው ደመወዝ ከመንገዱ ውል ውስጥ ስለማይገባ ችግኙ ይደርቃል።

ከከተማዋ ሥልጣን ውጪ ሆኖ ከተማዋን የሚጎዳ አንድ ቦታ አለ፤ ደንገጎ። ከሐረርና ከቁልቢ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ቁልቁለት ነው የሚወርደው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ቢወርድ ፍሬኑና ሞተሩ ሊውጡት የሚገባው ጉልበት 700 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ የሚያፈላ ነው። ሾፌሩ ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዘው ካላደረገ ያ ሙቀት ሁሉ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፣ ፍሬኑም ይከዳል። እዚህ የሚያስፈልገው አናቱ ላይ ከባድ መኪና ሁሉ ቆሞ ፍሬኑን የሚፈትሽበት ሜዳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የማምለጫ መንገድ ነው። የማምለጫው አልጋ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ በክብ የወንዝ ጠጠር የተሞላ ይሁን። የተፈጨ ጠጠር እርስ በርሱ ይጠላለፍና ይጠነክራል፣ ጎማውን አይውጠውም። ይህ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥራ ነው፤ አስተዳደሩን በጋራ መጠየቅ ደግሞ የድሬዳዋ፣ የሐረሪና የኦሮሚያ ድርሻ ነው።

የቀደመው ሁሉ የት እንደሚሠራ የሚወስነው መዝገብ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ላይ የአደጋው ቦታ በሰፈር ስም ብቻ ከተጻፈ ካርታ ላይ አይቀመጥም። የስልክ ካሜራ ቦታውን ስለሚይዝ አንድ ፎቶ ከሪፖርቱ ጋር ቢያያዝ ይበቃል። የሦስት ዓመቱ ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ካርታ ላይ ሲሰፍር አደጋው የሚደጋገምባቸው ቦታዎች ራሳቸው ይታያሉ፤ ብሬከሩና ከፍ ያለው ዜብራ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ። ለምክር ቤቱ በሚቀርበው የበጀት ሰነድ ላይም ከእያንዳንዱ የአስፋልት ፕሮጀክት ጎን ሦስት ቁጥሮች ይሞሉ፤ የቦዩ ርዝመት፣ የእግረኛ መንገዱ ስፋት፣ ከሥራው በኋላ የሚቀረው የጠርዝ ከፍታ። ከኮንትራክተሩ ክፍያ ላይ የሚያዘው የዋስትና ገንዘብ ደግሞ ከአንድ ክረምት በፊት አይለቀቅ፤ ርክክቡ ከትልቅ ዝናብ ማግስት ጠዋት፣ መሐንዲሱ በመንገዱ ላይ በእግሩ ሄዶ የቆመ ውሃ ያለበትን እየመዘገበ ይሁን።